«ሰው ያርፍበታል» ስላልሁት ሜዳ

ለክቡር አቶ ያረጋል መልካሙ፣
በቡሬ የነባር ሰፈሮች አደባባይ እድሳት ጥናት መሪ፤

እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ልጆችዎን አምላክ በሙሉ ጤና ይጠብቅልን፤ በተለይ ልጆችዎን። ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ስለሆነ ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር ይበሉኝ። የሰፈራችንን አዲስ ሰሌዳ ለማንበብ ግን በቅቶኛል፤ «የሕዝብ ማረፊያ» ይላል። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጥናቱን ካርታ ግድግዳ ላይ ስለ ሰቀሉልን አመሰግናለሁ። ሜዳችን «ጥቅም ያልሰጠ ባዶ ቦታ» ተብሏል። ከሰፈራችን ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን የሚያወርዱት፣ ቄሱ ፍትሐት የሚያደርሱት፣ እኛም ከበን የምንሰናበተው እዚያ ነው። ሙታን በካርታ ስለማይታዩ ባዶ መባሉ ገብቶኛል።

ሁለተኛ፣ ለጥናቱ የላኳቸው ተማሪዎችዎ በትሕትና አነጋግረውኛል። ሜዳው ለምን እንደሚያገለግል ቢጠይቁኝ «ሰው ያርፍበታል» አልሁ፤ ሬሳ የሚለውን ቃል በደጃችን አንጠራውምና። እነርሱም ደስ ብሏቸው ጻፉ። በመልሴ መሠረት የሲሚንቶ ወንበር፣ ሣርና የብረት አጥር መጣልን። የዘመኑ የጥናት ፈለግ ነዋሪን ማዳመጥ እንደሆነ በሰፈራችን ስብሰባ ላይ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ስላዳመጡኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ልጄ ሀብትነሽ በመስከረም ዐረፈች። አጥሩ ዘንድ ስንደርስ ጥበቃው «እማማ፣ ሣሩ ገና አልያዘም፤ ሌላ ቦታ አሳርፏት» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው ያለው። ሌላ ቦታ ግን የለም፤ ወዲህ አስፋልት ነው፣ ወዲያ ቦይ። ተሸካሚዎቹ ቆመው ትከሻ ተቀያየሩ፤ ቄሱም ፍትሐቱን አሳጠሩት። ልጄን ሳልሰናበታት አለፈች።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ በደጄ የተሸካሚ እግር ይሰማኛል። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ትከሻ ይቀያየራል፤ የሚያወርድ ግን የለም። ጎረቤቴ ዓባይነሽ ጆሮሽ ነው ብላ ልታጽናናኝ አንድ ቀን አብራኝ ተቀመጠች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከደጃፉ ገለል አለች። ስለ ምሽት ተጠቃሚዎች በሚጽፉበት ምዕራፍ ይህንንም እንዲያስገቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጥናትዎ ለሌሎች ከተሞች ሳይደርስ እንዲቀር ሌትና ቀን የምትጸልይልዎት፣
አቻምየለሽ ዘሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንበሮቹ ላይ እስካሁን አንድም የሰፈር ሰው አልተቀመጠም። እርስዎ መጥተው ቢቀመጡ ቦታ የሚሻማዎት አይኖርም። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ሲመሽ በሬን አልዘጋም፤ ልጄ የምታርፍበት አላገኘችምና።