ከፖዬራዬ ስር

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8
ሁለት ፖዬራ፣ ያን ሰፊውን ሽንሽን ጉርድ፣ ሰፍቼ ጨረስኩ። የአበልጄን የሳቢናን ወገብ ለካሁ... ሁለት ጣት ጨምራለች። አልነገርኳትም፤ ዝም ብዬ ጨርቁን ለቀቅ አደረግኩላት። ሦስተኛውን ስጀምር አስነጠሰኝ። ሽንቴ አመለጠኝ። እንደ ሌላው ጊዜ ጠብታ አይደለም፣ ወንበሩ ድረስ። ደንበኛዋ በር ላይ ቆማ፣ "ዶኛ ፕሪሚቲባ፣ የኔ ደረሰ?" ትላለች። "ነገ ነይ እናቴ" አልኩ፣ ከስፌት መኪናው ሳልነሳ። እንዴት ብዬ ልነሳ?

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አራት ወልጃለሁ። ይሄ ነገር ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ ለፋውስቲኖም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13
የጭፈራው የመጀመሪያ ልምምድ። የታላቁ ኃይል ጌታ በዓል ጁን 14 ነው። ከላይኛው ሰፈር እስከ መሃል ከተማ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ እየዞሩ፣ ፖዬራ እያወዛወዙ። መንገዱ ላይ ሽንት ቤት የለም። ቢኖርም ሰልፍ ጥሎ መሄድ የለም።

ዛሬ አንድ ሰዓት ብቻ ጨፍረን ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ጨርቅ አጥፌ አድርጌ ነበር። ተንሸራቶ ጉልበቴ ጋ ደረሰ። እግሬን ገጥሜ ቆምኩ፤ ሌሎቹ ዞሩ፣ እኔ አልዞርኩም። ሳቢና፣ "አበልጄ፣ እንቅልፍ ነው?" አለችኝ።

መቅረት አልችልም። ስለት ነው። ፋውስቲኖ በዩንጋስ መንገድ ከነጭነት መኪናው ገደል የገባ ጊዜ፣ "ካዳንክልኝ ሦስት ዓመት እጨፍርልሃለሁ" ብዬ ለጌታ ተሳልኩ። ዳነልኝ። ሁለቱን ዓመት ጨፈርኩ። አንድ ቀረኝ። ያቺን አንዷን ባጎድልስ? ፋውስቲኖን መልሶ ቢወስድብኝስ? እንዲህ ማሰብ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። አስባለሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17
ጸሎተ ሐሙስ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን ሲዞር፣ እኔ ፋርማሲ ለፋርማሲ። ሰው እንዳያየኝ ሁለት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ቦታ ገብቼ የሳል ከረሜላ ገዝቼ ወጣሁ። አራተኛው ላይ ልጅቷ ብቻዋን ነበረች።

"የአዋቂ ዳይፐር... አለ?"
"አለ። ለማን ነው?"
"ለአማቴ።"
"መጠናቸውስ?"
"ወፍራም ናት። ትልቁን ስጪኝ።"

አማቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሕይወት እያለችም ክር ነበረች። ነፍሷን ይማር... ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19
ለብሼው ዋልኩ። ሰፊ ነገር ብዙ ይይዛል ብዬ ነበር። ምን ይይዛል! በጭኔ በኩል ወረደ። ፕላስቲኩ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ፋውስቲኖ ከጓዳ፣ "ሴትዮ፣ አይጥ ገባ እንዴ?" ይላል። "አዎ ገባ፣ ፈልግ" አልኩት። ምስኪን፣ በዚያች በተሰበረች እግሩ አልጋ ስር ሲፈልግ ዋለ። ጭኔ ቀልቷል፣ ያቃጥላል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27
ዘዴ አገኘሁ። አለመጠጣት። ከትናንት ጀምሮ ውሃ የለ፣ ሻይ የለ፣ ሾርባ የለ። ልምምድ ላይ አልፈሰሰኝም ማለት ይቻላል።

ግን ቢራው... ሁሌም እንደሚሆነው፣ ከጭፈራው በኋላ አንድ ብርጭቆ በሰልፉ ዞረ። ለምድር እናት ጠብ ታደርጊያለሽ፣ ትጠጫለሽ፣ ለቀጣይዋ ትሰጫለሽ። እኔ ጋ ሲደርስ፣ "የጨጓራ መድኃኒት ላይ ነኝ" አልኩ። ሳቢና አየችኝ። የሰልፋችን መሪ እሷ ናት፤ የትልቋ ልጄ የዊልማ ክርስትና እናት፣ የሠላሳ ዓመት አበልጄ። ስዋሽ ታውቃለች።

እሑድ፣ ሜይ 4
ዛሬም አልጠጣሁም። ሳቢና ብርጭቆውን ይዛ ፊቴ ቆመች።
"ጨጓራሽ አልዳነም?"
"አልዳነም።"
"አበልጄ፣ ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?"

እየሳቀች ነው ያለችው። ሌሎቹ ግን አልሳቁም። ኒንፋ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሰልፉ ስትወጣ እንዲህ ነበር የጀመረችው፦ መጀመሪያ ቢራውን ተወች፣ ቀጥሎ ጭፈራውን፣ ቀጥሎ ቅዱሳኑን ከግድግዳ አወረደች። አሁን እሑድ እሑድ ከወንድሞችና ከእህቶች ጋር ስታጨበጭብ ትውላለች። እኔም መንገድ ላይ ነኝ ብለው ነው የሚያስቡት። ምን ልበላቸው? እውነቱን? ጴንጤ መባል አይሻልም?

ሰኞ፣ ሜይ 5
ውሃ አልጠጣሁም። ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። አመለጠኝም። ታዲያ ምን አተረፍኩ?

ረቡዕ፣ ሜይ 7
ፋርማሲው ተመለስኩ። ልጅቷ አስታወሰችኝ። "አማትዎ እንዴት ሆኑ?" ስትለኝ እንባዬ መጣ። "ለእኔ ነው" አልኩ። ፊቷ ምንም አልተለወጠም። እንደ ሳል መድኃኒት አወራችኝ፤ እድሜ ይስጣት።

"ዳሌዎን ለክተዋል?"

ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ዳሌ ስለካ የራሴን ለክቼ አላውቅም። ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ እዚያው ባንኮኒው ጀርባ ለካሁ። ወገብና ዳሌ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው የሚይዙት። መካከለኛ ሆንኩ! መካከለኛ... ዳሌዬን አየሁት። ትንሽ ተቀየምኩ። እኔ እኮ እንደ ፖዬራ መስሎኝ ነበር፤ ፖዬራ ሁሌ ለቀቅ ይደረጋል። ይሄ ግን ጭን ዙሪያ ያለው ላስቲክ ገላ መንካት አለበት፤ ሰንበር እስኪያወጣ ግን አይጥበቅ። ላዩ ፕላስቲክ ሳይሆን እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ይሁን፤ አየር ያስገባል፣ አይንኮሻኮሽም። ሁለት ዓይነት አለ፦ እንደ ፓንት የሚሳብ፣ እና በጎንና ጎን የሚለጠፍ። የሚለጠፈው ጫማ ሳያወልቁ፣ ቆመው ይቀየራል።

ውሃ መተዌን ስነግራት ተቆጣች። "ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛዎን ያስቆጣዋል፤ ይብስብዎታል! ደግሞ ሐኪም ይዩ፤ ብዙ ጊዜ በእንቅስቃሴ ይሻላል።" የልጄ እኩያ ናት። እሺ ብዬ ቁጣዋን ተቀበልኩ።

ሐሙስ፣ ሜይ 8
ፋውስቲኖ ወጣ ሲል ዳይፐሩን የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በቢራ ብርጭቆ ውሃ አፈስስበት ጀመር። አንድ። ሁለት። ከላይ የልብስ ንድፍ ወረቀት አድርጌ በክንዴ ተጫንኩት፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው! ሦስተኛውን ሳነሳ በሩ ተከፈተ። ኮፍያውን ረስቶ ተመልሶ ነው።

"ሴትዮ... ማንን እያጠመቅሽ ነው?"

ነገርኩት። ሁሉንም፣ አይጡን ጭምር። "ሆስፒታል አራት ወር ስተኛ ማን ነበር የሚቀይረኝ?" አለ። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጄ ወስዶ ሦስተኛውን ራሱ አፈሰሰ፣ ቀስ አድርጎ፣ ምላሱን አውጥቶ። ወደድኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ አዲስ ወደድኩት።

እሑድ፣ ሜይ 18
ልኬን ለብሼ ሄድኩ። ጨፈርኩ፣ ዞርኩ፣ ደረቅ ነኝ። ዛሬ እጠጣለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ብርጭቆው መጣ... አለፈኝ። ሳቢና በፊቴ አሳልፋ ከኋላ ለምትጨፍረው ለሮሳውራ ሰጠቻት።

"የአንቺን ቦታ ለሮሳውራ ሰጥተናል" አለችኝ። "እኛ የምናስቸግርሽ ሰዎች አይደለንም። እምነትሽ ከሆነ እምነትሽ ነው። ማክሰኞ የሰልፉን የዘንድሮ ሻል ከአንቺ ልወስድ እመጣለሁ።"

ሃያ ሴት እያየኝ ምን ልበል? ወደ ቤት በእግሬ መጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20
መጣች። አልተቀመጠችም። "ሻሉን" አለች።

በሩን ቀረቀርኩ። ፖዬራዬን አነሳሁ። ከስሩ አንዱን የውስጥ ጉርድ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን... ዳይፐሩ ታየ። "ይኸውልሽ ጴንጤነቴ" አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊቷ ቀላ።
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ካለፈው ክረምት።"
"ዊልማን ስትወልጂ እግርሽን ይዤ የነበርኩት ማን ነኝ? ምን ያላየሁት አለሽ?"
"አፍሬ ነው፣ አበልጄ።"
"እኔን? ጌታን ከዳች ብዬ አንድ ወር ሳለቅስ፣ አንቺ እኔን ታፍሪያለሽ?"

በሩን ራሷ ከፍታ፣ አላትማው ወጣች። ሻሉን ግን አልወሰደችም። ምን ማለት ነው? ቦታዬ ተመለሰ? ወይስ ዓይኔን ማየት አትፈልግም?

እሑድ፣ ሜይ 25
ሮሳውራ ወደ ኋላ ቦታዋ ተመልሳለች። ብርጭቆው መጣልኝ። ለምድር ጠብ አደረግኩ፣ ጠጣሁ። ሳቢና አላናገረችኝም።

ዓርብ፣ ጁን 13
ነገ። አንዱን ለብሼ ስንት ሰዓት እቆያለሁ? በመጨረሻ ሄጄ ያየችኝ ሐኪም ያዘዘችውን የታች ጡንቻ መጭመቅና መልቀቅ በየቀኑ ሠርቻለሁ፤ ትንሽ ተሽሎኛል፣ ትንሽ። ቢራ ደግሞ በየማዕዘኑ ይቀርባል።

ከሰዓት በኋላ ሳቢና መጣች። ስታኮርፍ እንደምታደርገው ጣራውን እያየች ነው የምታወራው።
"ስንት ሰዓት ይይዛል?"
"አራት። ቢበዛ።"
"መንገዱ ስድስት ነው።"
"አውቃለሁ።"
"የሚለጠፈውን አምጪ።"
ሰጠኋት። ሻሏ ውስጥ ወሸቀችው። "ሌላውን ለእኔ ተዪው" ብላ ሄደች። ምኑን ነው የምተወው? ፋውስቲኖ ብዪ ብዪ ይለኛል፤ አልበላ አለኝ።

እሑድ፣ ጁን 15
እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

ትናንት አምስተኛው ሰዓት ላይ፣ ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ከበደኝ። ሞልቷል። ከዚህ በኋላ አንድ ሳቅ፣ አንድ መዞር... ግራና ቀኝ ሰው ጢም ብሏል፤ ካሜራ፣ ሕፃናት፣ የተከራየ ወንበር ላይ የተደረደሩ አሮጊቶች። ሳቢናን አየኋት። አንዴ አየችኝና ፊሽካዋን ነፋች።

ሃያ ሴት ዞሩ። ከበቡኝ፣ ጀርባቸውን ለእኔ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው። ፖዬራቸውን በሁለት እጃቸው እስከ ደረት ዘረጉት። እኔው የሰፋሁት፣ እያንዳንዱ ስምንት ሜትር ጨርቅ! ቀዳዳ የለም። እየተወዛወዙ በቦታቸው ይረግጣሉ፣ የጡሩምባው ቡድን ግራ ገብቶት ያንኑ ዜማ ይደጋግማል። ሳቢና ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ላከችልኝ፣ ከነሚለጠፈው። "ፍጠኚ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው!"

ለሁሉም ነግራቸው ኖሯል። ሁሉም ያውቁ ነበር። ለሦስት እሑድ አንዷም ፊቷን አልቀየረችብኝም።

በመንገዱ መሃል ቆሜ፣ ባርኔጣዬን እንዳደረግኩ፣ ቀየርኩ። ሮሳውራ ያወለቅኩትን በፌስታል ተቀብላ ሻሏ ውስጥ ከተተችው፤ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። "ጨረስኩ" አልኩ። ክቡ ተፈታ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አዲስ ስልት መስሎት ነው። ወንበር ላይ ካሉት አንዷ፣ "ይደገም!" ብላ ጮኸች። ሳቢና ሳቋ አፍኗት መርገጡ ጠፋባት። እኔም ሳቅኩ፤ እስኪያመኝ፣ ያለ ፍርሃት ሳቅኩ።

ጌታ ፊት ደረስን። ተንበረከክን። ፋውስቲኖ በምርኩዙ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፣ የሚያለቅስ እንዳይመስል ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ። ስለቴ አለቀ። ከእንግዲህ መጨፈር ግዴታ የለብኝም፤ እግዚአብሔርም ሰውም አይጠይቀኝም።

ዛሬ ጠዋት ሳቢና የሚቀጥለውን ዓመት የጨፋሪዎች መዝገብ ይዛ ስትመጣ፣ ከመጠየቋ በፊት ስሜን ጻፍኩ።