ማዕዘናቸው የተከረከመ ካርዶች

ውድ ወንድሜ ዘማርያም፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት። ቴክስት ያላደረግኩልህ ደግሞ ሳልጨርስ እንዳትመልስልኝ ብዬ ነው። አንተ ሰው ሲናገር አስጨርሰህ አታውቅም።

በፖስታ የላክሁትም አውቄ ነው። እኔ ካለሁበት ከዩለስ አንተ ያለህበት ሳክሲ ለመድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። እጅህ ሲገባ እማዬ አዲስ አበባ ገብታ፣ ሻንጣዋን ፈታ፣ ጎረቤቶቿ እንኳን ደህና መጣሽ ብለዋት ጨርሰዋል። አዎ፣ ሄደች። ረቡዕ ነው የሄደችው። ሐኪሟ ለልብሽ ጥሩ አይደለም ብሎ ከዚህኛው ጉዞ በኋላ ረጅም በረራ ከልክሏታል፤ ስለዚህ ተመልሳ አትመጣም። ያልነገርኩህ ረስቼ አይደለም።

መቼም ካርዶችህን አልረሳሃቸውም። ሃያ ሦስት ነበሩ። ሁሉም የድሮ የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው፣ አንዳንዶቹም በ1930ዎቹ ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩ። እንደ ሌላው ሰብሳቢ ታዋቂውን ሁሉ አላሳደድክም። የምትፈልገው እየተጫወቱ ቡድናቸውንም የሚመሩትን ብቻ ነበር። «እይ ይሄን ሰውዬ» ትለኝ ነበር፣ አንዱን በሁለት ጣትህ ጠርዙን ይዘህ፤ «ማን እንደሚጫወት የሚወስነው እሱ፣ የሚጫወተውም እሱ። ማንም ቤንች ላይ አያስቀምጠውም።» እንደዚያ ስታወራ ፊትህ ይበራ ነበር። ስለ ሰው ስታወራ በርቶ አላየሁትም።

ነገሩ ለምን እንደሚጥምህ ለማወቅ እሁድ ጋርላንድ ሜዳ መገኘት ይበቃል። የሐበሻው እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ አንተ፣ አሥር ቁጥር ለባሹ አንተ። በአርባ ሁለት ዓመትህ፣ በዚያ ቦርጭህ፣ ትንፋሽህ ተቆርጦ ጉልበትህን ይዘህ ቆመህ እንኳ ራስህን አትቀይርም። ተቀያሪው ዳር ላይ ሲያሟሙቅ «ቆይ፣ አምስት ደቂቃ» ትለዋለህ። ያቺ አምስት ደቂቃ አልቃ አታውቅም።

ቤት ውስጥም ያው ነበርክ። እኔን እዚህ አገር ያመጣኸኝ አንተ ነህ፤ አመሰግናለሁ፤ በየበዓሉ በሰው ፊት ስለምታስታውሰኝ ልረሳውም አልችልም። አካውንቲንግ ልማር ስልህ ነርሲንግ አልክ። ነርሲንጉ ሲያቅተኝ ሰነፍ አልክ። የወደድኩትን በረኛችሁን ጥዑመልሳንን በአንድ ጎል ሰበብ ከቡድኑ ስታስወጣው ሰበቡን አምኜህ ነበር። «እህቴን ሁለተኛ ኮል እንዳታደርጋት» ብለህ እንዳስጠነቀቅከው የሰማሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ከራሱ አፍ፣ ፍሪስኮ ውስጥ፣ ሌላ ሴት ባገባበት ቀን። ከቡድኑም ከኔም በአንድ ፊሽካ አስወጣኸው። ያን ቀን ሠርጉ ላይ ኬክ እየበላሁ፣ አንተም የምትወደውን ነገር ስታጣ ማየት አለብኝ አልኩ።

እማዬን ታውቃታለህ። የወደደችውን ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ታስደርጋለች። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤትህ፣ የአባታችን የጡረታ መታወቂያ፣ የኔ የክትባት ካርድ፣ ሁሉም ፕላስቲክ ለብሰው ነው የኖሩት። ለእሷ ፕላስቲክ ያልለበሰ ወረቀት ብርድ ላይ ራቁቱን የቆመ ልጅ ነው። አንተ ደግሞ ካርዶቹን በእጅህ ካልዳሰስክ አይሆንልህምና እንዲሁ በቆርቆሮ ሣጥን ነበር የምታስቀምጣቸው። የዛሬ አሥራ አራት ወር፣ አንተ ሥራ ሄደህ፣ ያኔ አንተ ጋ ነበር የምትኖረውና እኔ ልጠይቃት መጥቼ፣ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘኋት።

«ይሄ ልጅ ይሄን የመሰለ ነገር እንዲህ ያስቀምጣል?» አለችኝ። «ላሚኔት ቢደረግ አይሻልም፣ ሔራንዬ?»

እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብ። አውቅ ነበር። የነገርከኝ ራስህ ነህ፤ «አንዴ ሙቅ ፕላስቲክ ከነካው ፊኒሽድ ነው፣ አይነሳም» ብለኸኝ ነበር። ይህን እያወቅሁ «በጣም ጥሩ ነው እማዬ፣ ለልደቱ ሰርፕራይዝ እናድርገው» አልኳት። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ሱቁን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ካርዶቹን አየና እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀን፤ ይበላሻሉ አለ። እማዬ ወደኔ ዞራ «ምን ይላል?» ስትለኝ «ያምራሉ ይላል» አልኳት። ደስ ብሏት ሰውየውን «ታንክዩ» አለችው።

ቤት ስንመለስ መቀስ አነሳች። የፕላስቲኩ ጫፍ እጁን ይወጋዋል ብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ የሃያ ሦስቱንም አራት አራት ማዕዘን ከነካርዱ አንድ በአንድ ከርክማ ክብ አደረገችው። ማዕዘናቸው ሹል ሆኖ ሰማንያ ዘጠና ዓመት በመቆየቱ አንተ ምን ያህል ትኮራ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ላስቆማት እችል ነበር። ሻዬን ጠጣሁ።

በዚያው ሳምንት፣ ልደትህ ዕለት፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ሰጠችህ። ስትፈታው ፊትህን እያየሁ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአሥር ሰከንድ ያህል በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሥራ አንደኛው ላይ ግን ወደኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞርክ።

«ማሚ፣ አር ዩ ክሬዚ? ገደልሻቸው እኮ! ማን ንኪ አለሽ?»

«እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው፣ ልጄ...»

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽው! ኦኬ? አንቺ!»

ጩኸቱን ችላው ነበር። የሰበራት ከዚያ በኋላ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እርስዎ ሔራን ጋ ቢሆኑ ይሻላል» ያልካት ነው። ዕድሜህን ሙሉ አንቺ ስትላት የኖርካትን እናት እንደ ባዳ እርስዎ አልካት። በማግስቱ ሁለት ሻንጣዋን በሬ ላይ አወረድክ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋህም።

እኔ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። እሷም ስሜን አልጠራችም። ሳምንት ቆይቼ «ለምን እኔ እንዳልኩሽ አልነገርሽውም?» አልኳት። ጥልፏን ሳታቆም መለሰችልኝ። «ኋላ ነው የገባኝ» አለች። «እንግሊዝኛ ባልችል የሰውየውን ፊት አይቻለሁ። ያምራል የሚል ሰው ፊት አልነበረም። ግን እኔ ከአንዱ ልጄ ጋር ብጣላ ይሻላል። ሁለታችሁ ከተጣላችሁ ማን አለኝ?» ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

አሥራ አራት ወር ሙሉ ስትደውልልኝ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ድምፅህን እንድትሰማ ስፒከር ላይ አድርጊው ትለኝ ነበር። አንተ ስለ መኪና ኢንሹራንስ ታወራለህ፣ ስለ ቡድኑ ማሊያ ታወራለህ፤ እሷ ደግሞ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። አንድም ቀን «ደህና ናት?» አላልክም። ስንዘጋ «ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ» ትለኛለች፤ ወይም «ዛሬ ደስ ብሎታል።» በዚያች ጠግባ ትውላለች።

ረቡዕ ዕለት በምሠራበት ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸሯን የገፋሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ የሰው እናት የምገፋ ሴት የራሴን ለማንም አልሰጥም ብዬ ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ነው። «ነገርሽው?» አለችኝ። «ነግሬዋለሁ» አልኩ፤ «ስብሰባ አለብኝ ብሏል፣ ከቻለ ይመጣል።» ዋሸኋት። እስከ ፍተሻው ድረስ አንገቷን እያዞረች በሩን ታይ ነበር፤ ረጅም ወንድ በገባ ቁጥር ቀና ትላለች። እኔ መግፋቴን አላቆምኩም። አንተ ጨካኝ ነህ ብዬ ልጽፍልህ ነበር የተነሳሁት፤ ከኔ ግን አትብስም።

መሳፈሪያው በር ጋ ስንደርስ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። «ለወንድምሽ ስጪው» አለችኝ። «ያበላሸሁበትን ባይተካም።»

ካርድ ነው፣ ዘማርያም። አንተ ነህ ያለህበት። ጋርላንድ ሜዳ ላይ፣ አሥር ቁጥር ለብሰህ፣ ፊሽካህ አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ። ልክ በዚያ መጠን አሳትማው፣ ላሚኔት አስደርጋዋለች። ጎረቤቴን ለምና ነው የሄደችው፤ ሁለተኛ ከኔ ጋር ያን ሱቅ አልረገጠችም። ጀርባው ላይ፣ ያንተዎቹ ካርዶች ላይ እንዳለው ሁሉ፣ ስለ ተጫዋቹ ተጽፏል። በእጇ ጽሕፈት ነው። «ዘማርያም። ተጫዋችም አሰልጣኝም። ሲወለድ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። በቀኝ እግሩ ይመታል። ተቆጥቶ አይቆይም።»

ማዕዘኖቹን አልከረከመቻቸውም። አራቱም ሹል ናቸው። አንተ የምትወደው እንደዚያ መሆኑን ተምራለች።

አልልክልህም። በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሰብሳቢ ነህና ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ ብትመጣም በሩን አልከፍትልህም። ትኬት ቁረጥና አዲስ አበባ ሂድ። ጉልበቷን ሳም፣ አንቺ በላት። ልቧ እስከዚያ ከጠበቀህ፣ «መጣ» ብላ ራሷ ስትደውልልኝ፣ ያን ቀን ካርዱን አስረክብሃለሁ። ካልጠበቀህ ግን ከነፕላስቲኩ አብሮኝ ያረጃል፤ ጀርባው ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን መስመርም ካሁን በኋላ የማነባት እኔ ብቻ እሆናለሁ።

ሁልጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጥካት እህትህ፣
ሔራን