ዳብ የሌለበት ዘፈን

ረቡዕ፣ ማርች 1

የመኪናዬን ዘይት ቀየርኩ። በየሳምንቱ አዳራሽ ለምዘፍንበት የቅዳሜ ዳንስ ቡትስ ጫማዬን ወለወልኩ። ከሰዓት ፕሬስተን ከናሽቪል ደወለ፤ ያ የሙዚቃ አሳታሚው። "እትዬ ሎሪን፣ አልበሙን እንሠራለን። ድምፅዎ ወርቅ ነው። ስቲል ጊታሩ ግን ይቅር... ያስረጅዎታል።"

ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ያስረጀኛል?

ስቲል ጊታሩ ማለት ዳብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ ተቀምጦ የተጫወተ። እኔ ቃሉን ስጨርስ የሱ ጊታር፣ ብረቱ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ለቅሶውን ይጀምራል። የራሴ አልበም ደግሞ... እስከ ዛሬ አንድም የለኝ። ይኼ ካመለጠኝ ሌላ ይመጣል? አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ማርች 3

ለዳብ አልነገርኩትም። "ነገ አንዷን ዘፈን ዕረፍ" ብቻ አልኩት። ፈሪ!

ፕሬስተን ነገ ይመጣል። አንዱን ዘፈኔን ሁለቴ እዘፍናለሁ፤ አንዴ በሱ መንገድ፣ አንዴ በኛ። ጨፋሪው ይፍረድ። ማሸነፌን አልጠራጠርም። የምፈራው የዳብን ፊት ነው።

እሑድ፣ ማርች 5

ትናንት ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መጀመሪያ በፕሬስተን መንገድ፦ ፈጠን ያለ ከበሮ፣ ዳብ እጁን አጣጥፎ። ጥንዶቹ ትንሽ ዞር ዞር አሉና ወደየወንበራቸው። ስጨርስ ግን አጨበጨቡ... ጨዋዎች ናቸው።

ቀጥሎ ከዳብ ጋር። ገና የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ወለሉ ሞላ። ባሏን ዓምና የቀበረችው እርሊን እንኳ ወንድሟን ጎትታ ተነሣች። ሲያልቅ አንድም ያጨበጨበ የለም፤ እንደተቃቀፉ ቆመው ቀጣዩን ይጠብቃሉ።

ፕሬስተን ፈገግ ብሎ መጣ። "አዩ እትዬ? የመጀመሪያው አሸነፈ! ለሁለተኛው እኮ ማንም አላጨበጨበም።"

ሳቄ አመለጠኝ። "በየትኛው እጃቸው ያጨብጭቡ? እዚህ የሚጨበጨበው ለታዘነለት ሰው ነው።"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እርሊን "ና ወዲህ፣ በጆሮህ ብቻ አትስማ!" ብላ ወደ ወለሉ ጎተተችው። ሁለቴ እግሯን ረገጣት።

ለዳብ ያኔ ነገርኩት።

"አውቄ ነበር። ስልክ ሲደወል ወጥተሽ ስትንሾካሾኪ የማልሰማ መስሎሽ ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አልበም ስለሚገባሽ ነዋ፣ አንቺ ጅል!"

አለቀስኩ። ፊቴን ጠራርጌ ለፕሬስተን ቁርጡን ነገርኩት፦ ያለ ዳብ አልዘፍንም፤ ከፈለገ እዚሁ መጥቶ ይቅዳን። "ላስብበት" አለ።

ማክሰኞ፣ ማርች 14

አልደወለም። ይተወው። ቅዳሜ እንደሆነ እዘፍናለሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 22

ፕሬስተን በመጨረሻ እሺ አለ፤ አልበሙን ቀዳን! እዚሁ አዳራሽ፣ ከነጨፋሪዎቹ። ፕሬስተን ስለ ጫማቸው ኮቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እርሊን ስታፈጥበት ዘጋው።

ሲያልቅ የሽፋኑን ንድፍ አሳየኝ። "ሎሪን ታኬት" ይላል፣ ብቻዬን። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከጎኑ "እና ዳብ ሃቸል" ብዬ ጻፍኩበት።

ዳብ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየው።

"ያንቺ ለምን ቀደመ?" አለኝ።