በእናቴ አልጋና በጤና ጣቢያው መካከል ስለተጋደመው የኬክሮስ መስመር

ለክቡር የድንበር ኮሚሽን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ሐኪም ባሻዎት ጊዜ ሁሉ ያለ ጠያቂ የሚደርሱ ሰው እንደመሆንዎ መጠን ጤናዎ የተሟላ ስለመሆኑ አልጠራጠርም። እኔ የቤቴን የፊት ክፍል ፀጉር ቤት አድርጌ፣ በጓዳው እናቴን የማስታምም ፀጉር አስተካካይ ነኝ።

ክቡርነትዎ የሁለቱ አገሮች ድንበር የኬክሮስ መስመሩን ተከትሎ እንዲሄድ ከጎረቤት አቻዎ ጋር በፈረሙ ማግሥት፣ ቀያሾችዎ መጥተው በሱቄ ወለል ላይ ቀይ ቀለም አሰመሩ። ወንዝ ቢሆን በታንኳ፣ ተራራ ቢሆን ዞረን እናልፈው ነበር፤ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን መስመር በምን እንደምንሻገረው ግን ግራ ገባን። ለዚህም ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የደንበኛዬ ወንበር እዚህ አገር፣ መስታወቱ ደግሞ እዚያ አገር ስለዋለ፣ ጢሙን የተላጨ ሁሉ ውጭ አገር ደርሶ እንዲመለስ አድርገውልናል። አንድ ጡረተኛ መምህር መስታወቱን አተኩረው ካዩ በኋላ፣ እዚያ ማዶ የተቀመጠው ሽማግሌ ፓስፖርት እንዳለው ጠይቀውኛል።

ሁለተኛ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለማንም እንደማያዳላ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። መስመሩ ከአማችዎ ሆቴል ሲደርስ ግን ጎንበስ ብሎ የመዋኛ ገንዳውን ዞሮ፣ ከአጥሩ ኋላ እንደገና ቀጥ ይላል። ቀያሹን ብንጠይቀው መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ነው አለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የእኔ ወለል ሲሚንቶ መሆኑን ማን በነገራቸው።

ሦስተኛው አያስቅም። ጓዳው በማዶው አገር ቀርቷል፤ ኋላው ገደል ስለሆነ መውጫው በሱቄ በኩል ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን እንደተሻገሩ ነው። የእናቴ እግር ቆስሎ ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ነርሷ ቀዩ መስመር ላይ ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ ካየች በኋላ፣ ቶሎ ካልታከመች እግሯን እንደምታጣ ነገረችን። ጠባቂዎችዎ እናቴ የውጭ አገር ነዋሪ ስለሆነች ያለ ፈቃድ እንደማትሻገር፣ አልጋው ግን የቤት ዕቃ ስለሆነ ማለፍ እንደሚችል በትሕትና አስረዱን። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ አልጋዋ ቀድሟት ዜግነት በማግኘቱ እንኳን ደስ ያለው አለች።

ቢሮዎ ብንመጣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። የጎረቤት አገር ቢሮ ብንሄድ ሴትዮዋ የእናንተ ናት ብለው መለሱን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸው ነው።

ክቡርነትዎ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ተናድጃለሁ፤ አንጀቴ አርሯል! እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አድራ፣ ጠዋት የሰው አንገት ላይ ምላጭ ማሳረፍ ስለማልደፍር ደንበኛ እመልሳለሁ። የወለደችኝን ሴት በገዛ ቤቷ ስደተኛ ያደረጋትን ሰው ክቡር እያልኩ መጻፌ ራሱ ያንገሸግሸኛል።

ስለዚህ ደንብዎን አክብረን ዛሬ ጠዋት አልጋውን አሻገርነው። እናቴ በላዩ ተኝታ ነበር። አሁን ጤና ጣቢያው ውስጥ ናት፤ እግሯ ይተርፍ እንደሆነ ገና አልታወቀም። ሊያስመልሷት ከፈለጉ እርስዎ ራስዎ መጥተው ይሸከሟት።

መስመርዎን በየቀኑ በመጥረጊያ የሚያጸዳልዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የማይታዘዝዎ፣

ፀጉር አስተካካዩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኛ ወንድማማቾች ሦስት ነን፤ አልጋው ግን አራት እግር አለው። አራተኛውን ያነሳው ሰው የእርስዎን ደንብ ልብስ የለበሰ ነበር። ስሙን አልጠየቅነውም፤ ብናውቀውም አንነግርዎትም። አልጋውን ካሳረፍን በኋላ የእሱም እናት ከመስመሩ ማዶ መቅረቷን ነግሮን ወደ ጥበቃው ተመለሰ።