የፍቅረሰላም ናፍጣ መኪና አይሸጥም

ኪዱ፣

ወንድሜ ፍቅረሰላም ያረፈው መጋቢት አራት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አርባው እንኳ ሳይወጣ መኪናውን ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ አወጣኸው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ገዢ እንደሚመጣም ከሰው ሰማሁ።

አይሸጥም።
ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ አትፈልገው።

«አሮጌ ናፍጣ ነው፣ ያጨሳል፣ ሸክም ይሆንብሻል» ትላለህ። ለቅሶ ደራሹን ከግሮሩድ ባቡር ጣቢያ ስታመላልስበት ጭሱ አልሸተተህም?

ሲገዛው ሦስታችንም ነበርን። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ቢጠብቀን፣ ፍቅረሰላም «የሞቀ ሞተር ይዋሻል፤ ይቀዝቅዝና አስነሳዋለሁ» ብሎ በረዶ ላይ ቆመ። አንተ «ሰውዬ፣ ቀድመን የምንቀዘቅዘው እኛ ነን» እያልክ ሳቅህበት። ከዚያ ወዲህ በስንቱ ክረምት አንድ ቀን አስገፍቶን ያውቃል?

ዘይቱን ከእንግዲህ እኔ አስቀይራለሁ። አሁንም ለምርመራ ጋራዥ እየወሰድኩት ነው።

ድስቱ ውስጥ ምስር አለ፣ አሙቀህ ብላ።
ትናንት «ልብ የለህም» ያልኩህን ተወው። ሆስፒታል ከጎኔ እንዳልተለየህ አልረሳሁም።
መኪናው ግን አይሸጥም።

ምኞት

ተመልሼ የገባሁት ይህን ልጨምር ነው፦ ገዢው ቀድሞ መጥቶ በር ላይ አገኘኝ። በባቡር ነበር የመጣው፤ በባቡር ተመለሰ።