የወረቀቱን ጀርባ ስላላስነበቡኝ

ለተከበሩ አቶ ሔኖክ፣
በቦንጋ የስኳር ሕሙማን ግንዛቤ ፕሮጀክት አስተባባሪ

ጤናዎ፣ በተለይም የቆሽትዎ ጤና እንደተጠበቀ ይቆይልኝ። ቆሽት ደኅና ሲሠራ ባለቤቱ እንዳለው እንኳ አያስታውሰውምና፣ እንደረሱት እንዲኖሩ ከልቤ እመኝልዎታለሁ።

እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኢንሱሊን የተወጋሁ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴም በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ። የተማርኩት በብልቃጡ ላይ ያለውን ቀን ለማንበብ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ለትልቅ ሥራ አጭተውኝ፣ በየቅዳሜው ስብሰባ ወረቀትዎን ለሕሙማኑ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። ለዚህ ክብር ያለኝ ምስጋና የሚከተለው ነው።

1. “በስቴም ሴል ሕክምና የስኳር ሕመም ሊድን፣ መርፌም ሊቀር ነው” የሚለውን የፊት ገጽ ለደከመ ዓይኔ አስበው በትልልቅ ፊደል ስላሳተሙልኝ አመሰግናለሁ። ጀርባውን ልገልጥ ስል ሰዓት አልቋል ብለው ወረቀቱን ከእጄ በትሕትና ስለተቀበሉኝም እንዲሁ።

2. ከዋጫ ከተማ የምትመጣውን የነጋዴዋን የለምያን ልጅ ዙሌካን ያስታውሷታል፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ቅዳሜ ቤቷ ስትመለስ፣ መርፌ ስለሰለቻት፣ አዲሱ ሴል እስኪደርስ ትንሽ ልረፍ ብላ ኢንሱሊኗን ተወችው። እናቷ ብትለምናት የመለሰችላት “እትዬ አሰለፈች አንብበውታል እኮ” ብላ ነው። በሦስተኛው ቀን እያስመለሳት፣ ትንፋሿ እየከበደ ራሷን ሳተች። ሆስፒታል ደርሳ ተርፋለች። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ሴሉ መጥቶ እንደሆነ ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና መልሱ የእኔ ድርሻ ሆነ።

3. ከዚያ በኋላ ዙሌካ ከስብሰባው ይዛ የገባችውን ወረቀት ለምያ ሰጥታኝ ገልብጬ፣ ጥቃቅኑን ፊደል በማጉያ መነጽር ሦስት ቀን ሙሉ ለቀምኩት። ሰውነት ኢንሱሊን እንዲያመነጭለት የተተከለለትን ሴል እንደ ጠላት እንደሚያጠቃ፣ ይህ እንዳይሆን በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መዋጥ እንደሚያስፈልግ፣ አንዳንዱ ሴል ወደ ዕጢ እንዳይለወጥ እንደሚሰጋ፣ የተሞከረባቸው ሰዎችም ገና ጥቂት እንደሆኑ ተጽፏል። ሴሉ ከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበትም ይላል። ኢንሱሊናችንን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ ለምናቆይ ለእኛ፣ ይህ ጥቃቅን ጉዳይ ነው ብለው ይሆናል በጥቃቅን ፊደል ያሳተሙት።

ተመራማሪዎቹን አልወቅስም፤ ያልቻሉትን አልቻልንም ብለው ጽፈዋል። ሲሳካላቸው ዙሌካ ደርሳበት ባይ ደስ ይለኛል። የእኔም ጥፋት አለ። ብዙ ዘመን ሳላነብ ስለኖርኩ፣ የታተመ ነገር ሁሉ የተሟላ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጅቷ መርፌዋን ስትወጋ ዓይኔን አታይም። ይህን በምን ወረቀት እንደሚያቃኑልኝ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ደክሞኛል።

ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ድምፅዋን በነፃ የወሰዱባት፣
አሰለፈች ሀብተ ማርያም
ቦንጋ

ማስታወሻ፦ ለመጪው ቅዳሜ የላኩልኝ አዲሱ ወረቀት ደርሶኛል። ፊቱ እንደ በፊቱ በትልልቅ ፊደል የታተመ ነው፤ ጀርባው ግን በዚህ ጊዜ ምንም የለበትም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩበት። ፊቱን ከእንግዲህ ለማንም አላነብም።