ምርቃቴ ይመለስልኝ

ለሐይቅ ዳር ውበትና መዝናኛ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
አቃቂ ቃሊቲ

ጉዳዩ፦ የመሠረት ድንጋይ በተቀመጠበት ዕለት የሰጠሁት ምርቃት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ ሲያንጎራጉር የሚውለው ኤሲ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ የበልጉ ዝናብ በመቅረቱ በሚያዝያ ፀሐይ ከቆርቆሮ ጣራችን ሥር እየበሰልን ከመሆናችን በቀር፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደህና ነን።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የአቃቂ ነዋሪ ስሆን፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ጋቢዬን ለብሼ በድንኳንዎ ውስጥ የሐይቅ ዳሩን መንገድ ፕሮጀክት የመረቅሁት ሽማግሌ እኔ ነኝ። አጠገቤ ቆሞ ዱዓ ያደረገው ደግሞ ባለሱቁ ወዳጄ ሀይረዲን ነው። እኔና እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ከሱቁ በር ተነሥተን የሐይቁን ዳር ይዘን እስከ ግድቡ በእግራችን ደርሰን እንመለስ ነበር። ሀይረዲን ስኳር አለበት፤ ሐኪሙም የእግር ጉዞውን ከመድኃኒቱ እኩል አዞለታል።

ያን ዕለት ሀይረዲን ወደ ድንኳኑ ለመግባት ልቡ አልፈቀደም ነበር። «ካሳሁን፣ ያላየነውን ነገር ምን ብለን ነው የምንመርቀው?» አለኝ። ሰው አክብሮ ሲጠራ እምቢ አይባልም ብዬ እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝና፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ምስጋና ማቅረብ የሚገባኝም እኔው ነኝ።

1. በመጀመሪያ ስለ ትሑቱ መሐንዲስዎ ስለ ጌዲዮን አመሰግናለሁ። ከምርቃቱ በኋላ በነበረው ሳምንት መጥቶ «አባባ፣ መንገዱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም ተብዬ ነው» ሲለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ቀኑን ሙሉ መራሁት። ሰው የሚያርፍበትን ሾላ፣ የምንጩን ቦታ፣ በሙቀት ጊዜ ጥላው የሚበረታውን መታጠፊያ አንድ በአንድ አሳየሁት። እሱም በደረስንበት ዛፍ ሁሉ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባ ነበር። ቀለሙ እንዳይነኩ ማለት መስሎኝ፣ ሳያየው ያለፈውን አንድ ሽማግሌ ወይራ እኔው ጠርቼ አስቀባሁት። ክቡር ሆይ፣ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ ወይራ ነው።

2. መንገዱ ከዓመት በላይ በቆርቆሮ ታጥሮ ከቆየ በኋላ መከፈቱን ሰምተን፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ የናፈቀንን መንገድ ልናይ ሄድን። መንገዱ የተነጠፈበት ቴራዞ እጅግ ያማረ ነው፤ ሙቀቱ ግን በጫማ ሶል አልፎ እግር ያቃጥላል። በዛፎቹ ቦታ የተተከሉት ዘንባባዎች ጥላቸው ለራሳቸውም አይበቃም። የብረት ወንበሮቹን አይቼ አደነቅሁ እንጂ ልቀመጥባቸው አልደፈርሁም። ሾላው የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ የተንዠረገገ የሾላ ዛፍ ሥዕል ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ያገኘነው ጥላ የዚያ ሰሌዳ ጥላ ብቻ ስለነበር፣ ስለ ሥዕሉ ስፋት ከልብ እናመሰግናለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእርስዎ ቢሮ አይደለም፤ እርስዎ የጣሉት የእኛን ብብት ነውና።

3. ሀይረዲን የወደቀው እዚያ ሰሌዳ ሥር ነው። ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ወደ ምንጩ ሮጥሁ፤ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ባጃጅ ላስገባ ወደ በሩ ሮጥሁ፤ ጥበቃው ባጃጅ ከገባ ቴራዞው ይሰበራል፣ ትእዛዝ ነው አለኝ። ወዳጄን ያተረፈችው የእርስዎ ቢሮ ሳይሆን፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሣር ልታጭድ የገባች ዳሲቱ የምትባል ሴት ናት፤ የጀሪካኗን ውሃ በራሱ ላይ አፍስሳ፣ ከእኔ ጋር ተሸክማ እስከ አስፋልቱ አደረሰችልኝ።

4. ሀይረዲን አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። አሁን እሑድ ጠዋት ሱቁን ይከፍታል እንጂ አይራመድም። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። እኔ ግን ተከድቻለሁ፤ ይባስ ብሎም በእኔ አፍ ወዳጄ ተከዷል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባል አላጣሁትም። ወይራው አይመለስም። ስለዚህ የምጠይቀው ሊመለስ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ምርቃቴን። በዕለቱ ምን ምን እንዳልሁ በዕድሜዬ ምክንያት ባላስታውስም፣ ከልቤ እንደነበር ግን አስታውሳለሁና፣ ባለበት ሁኔታ በአስቸኳይ እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

በቴራዞው ርዝመት ልክ ከሆነ አክብሮት ጋር፣
ወይራውን በጣቱ ጠቁሞ ያስቀባው
ካሳሁን ወልደሰማያት

ግልባጭ፦ ለሀይረዲን ሱቅ፣ በመስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለሀይረዲን አነበብሁለት። ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እኔ የረሳሁትን ምርቃት እሱ አልረሳውም ኖሮ ቃል በቃል ነገረኝ፤ «ለዚህ ሰፈር ሰው የምታደርጉትን ሁሉ፣ ፈጣሪ እጥፍ አድርጎ ለእናንተ ያድርግላችሁ» ነበር ያልሁት። እርስዎም ከሁሉ አስበልጠው ጮክ ብለው አሜን እንዳሉ ያስታውሳል። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ። ምርቃቱ እዚያው እርስዎ ዘንድ ይቆይ።